የሽንብርማ ታቦት በሄደበት አይመለስም

ሽንብርማ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ ለጥዑመ ልሳን፤

ይህች ወረቀት በጤናህ ታግኝህ። የሽንብርማው ጊዮርጊስ ከፊትህም ከኋላህም ይቁምልህ፤ በሰው አገር ስትናገር አንደበትህን የሚያቃና፣ ክፉ አፍ የሚዘጋልህ እሱ ይሁን። እኔ አክስትህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን እንደ ድሮው ያመኛል እንጂ ሌላው አካሌ ገና አልከዳኝም።

ስልክ ከጠፋ ከራርሟል፤ ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመልሰናል። ይህችን የሐሙሲት አውቶቡስ ረዳት ባሕር ዳር ለእህትህ ለመቅደላዊት ያደርስልኛል፤ እሷ ከምታስተምርበት ኮሌጅ ሆና በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ያንተንም በወረቀት አውጥታ ትሰድልኛለች። ቢዘገይ አትደንግጥ፤ መንገድ ሲዘጋ ረዳቱ ሐሙሲት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይውላል።

ወሬውን ልንገርህ። ተራራችን ላይ ምሽግ ቆፍረውበታል። ከዋንዛው መንገድ በላይ ያለውን ትከሻ ወታደሮቹ ይዘውታል፤ ከቋጥኙ መንገድ በላይ ያለውን ደግሞ ጫካ ያሉት። መሐል ላይ ቤተ ክርስቲያኑና እኛ አለን። አንዱ የአንዱን ጉድጓድ ይቀማል፣ ሳይውል ሳያድር ሌላው መልሶ ይቀማዋል። የአያትህን እርከን አፍርሰው በድንጋዩ ምሽግ ካቡበት። ሄጄ፣ «ስትጨርሱ መልሳችሁ ትክቡታላችሁ» አልኋቸው። ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ጥይት የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ በሳስቶታል። ክረምት ሳይገባ ለክዳኑ የምትችለውን ብታግዘን ጊዮርጊስ ይቆጥርልሃል። ናይሮቢ ምን እንደምትሠራ ሰዉ ይጠይቀኛል። «ያስተረጉማል» እላለሁ። ማንን ለማን እንደምታስተረጉም ግን አልነገርኸኝም።

አክስትህ ውዴ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

እናትና አባት ሆነው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ለወይዘሮ ውዴ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎንም ይዳብስልዎ። ደብዳቤዎን መቅደላዊት ስትልክልኝ ጽሕፈትዎን አይቼ የልጅነቴ ነገር ሁሉ መጣብኝ። እኔ ደህና ነኝ። አገሩ ይበርዳል፣ ሰዉ መልካም ነው፣ ሥራው ያው የማስተርጎም ሥራ ነው። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ለክዳኑ የሚሆን ገንዘብ በመቅደላዊት በኩል ልኬያለሁ። የአያቴ እርከን መፍረሱ አሳዘነኝ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎ። ከጥምቀት በፊት ባሕር ዳር ወደ መቅደላዊት ይውረዱ። ክፍል አዘጋጅታልዎታለች። ከብቱን ለሰው ይስጡት፣ እህሉንም ይተዉት። ለምን አይበሉኝ።

ደግሞ ልጅዎ አዘዘ እንዴት ነው? ያለ እሱ ወሬ ደብዳቤ ጽፈውልኝ አያውቁም፤ ዘንድሮ ግን ስሙን አላየሁም።

ልጅዎ ጥዑመ ልሳን


ሽንብርማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥዑመ ልሳን፤

ያሰብኸው ይሙላልህ፣ የረገጥኸው መሬት ይመችህ። ምክርህን ግን ለራስህ ያዘው። «ለምን አይበሉኝ» ብለህ ነው ከቤቴ የምታስወጣኝ? እኔ ለምን ሳልል አድሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ባሕር ዳር ወርጄ ምን ልሥራ? የመቅደላዊትን ሶፋ ላሙቅ? እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሳይ ልዋል?

ከሰሞኑ ተኩሱ ብሷል። ሬዲዮው ናይሮቢ ለእርቅ ተቀምጠዋል ባለ ቁጥር እዚህ መድፍ ይጨመርልናል። ጠዋት «ድርድሩ በመልካም መንፈስ ቀጥሏል» ሲል ሰምቼ ሳልጨርስ የቋጥኙ ምሽግ ተቀማ፤ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። የጎረቤታችን የሲና የጤፍ ክምር በመሐል ነደደ። ብዙ ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ አንበሳሜና ወደ ሐሙሲት ወጣ። የቀረነው ጥቂት ነን። ግን ኪዳኑም ቅዳሴውም አልታጐለም።

ገንዘብህ ደርሷል፤ እጅህ ይባረክ። ቆርቆሮውን ግን ኬላ ላይ «የምሽግ ክዳን ነው» ብለው አናሳልፍም አሉ። ስለዚህ እህል ሸምተን ክምር ለነደደባቸው አካፈልን። ከእንግዲህ ብር አትላክ። ወሬ ላክልኝ። እዚያ ተቀምጠው ስለ እኛ የሚሉት ምንድን ነው? ሬዲዮው የማይለውን አንተ የምታውቅ ይመስለኛል።

የጠየቅኸው ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው።

አክስትህ ውዴ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ውዴ፤

በረከትዎ አይለየኝ። መጪውን ልደት በሰላም ያድርስዎ፤ እኔ በዚህ ዓመት ልደትን የምፈስክበት ልብ የለኝም።

እርስዎን መዋሸት አልተማርሁም። አዎ፣ የእርቁ ስብሰባ ላይ ነኝ። አደራዳሪዎቹ አማርኛ አያውቁም፤ የእኛዎቹ ሲናገሩ በእንግሊዝኛ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ከራሴ አንዲት ቃል መጨመር ክልክል ነው። የሰማሁትን ውጭ ማውጣትም ክልክል ነው፤ ይኸው አወጣሁት። አንብበው ይቅደዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊርማው ቀን የያዘ የያዘውን ይዞ ይቆያል ብለው ተስማምተዋል። ተኩሱ የባሰውም ስለዚህ ነው፤ ሁሉም ሳይፈረም ኮረብታ መያዝ ይፈልጋል። ለሽንብርማ ግን የተለየ ሐሳብ መጣ። ከሁለት አንዳቸውም እንዳይይዙት፣ ተራራው ከግርጌ እስከ ጫፉ ታጥሮ ሰው የማይደርስበት ባዶ ቦታ ይሁን ተባለ። አደራዳሪው «ነዋሪውስ?» ብሎ ጠየቀ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ ወገኖች በዚህ ተስማሙ። «ሽንብርማ ላይ የሚኖር ሰው የለም፤ ለቅቆ ወጥቷል» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ማንም አላነሣውም።

ያን ቃል ተቀብዬ በእንግሊዝኛ ያልሁት እኔ ነኝ። ድምፄ እንኳ አልተሰበረም፤ ሥራዬ ነውና።

ለዚህ ነው ይውረዱ ያልሁዎ። ሲፈረም መጥተው በግድ ያስወጣሉ። ከዚያ በፊት በክብር ቢወጡ ይሻላል ብዬ ነው።

ልጅዎ ጥዑመ ልሳን


ሽንብርማ፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጥዑመ ልሳን፤

ሰላምታውን ኋላ እሰጥሃለሁ። አስቀድሜ ልጠይቅህ። ሰው የለም ባልህበት ተራራ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚጽፍልህ ማን ነው? የለችም ያልኻት አክስትህ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ብሎት ቢሆን ምንም ባልመሰለኝ። አንተ ግን የተጠመቅኸው እዚህ፣ ፊደል የቆጠርኸው እዚህ። እዚያ ሁሉ ሰው መሐል «ኧረ አክስቴ አለች» ማለት አቃተህ?

ክልክል ነው አልኸኝ። እዚህም ክልክሉ ብዙ ነው። በዋንዛው በኩል ውኃ መቅዳት ክልክል ነው፣ በቋጥኙ በኩል እንጨት መልቀም ክልክል ነው። እኛ ግን ውኃም እንጠጣለን፣ እሳትም እናነዳለን። በክብር ውጡ አልኸኝ ደግሞ። ከቤት ተባርሮ የሚወጣ ሰው ምን ክብር አለው?

ደብዳቤህን አልቀደድሁትም። ለደብራችን አለቃ ለተክለ ጊዮርጊስ አነበብሁላቸው። ዐይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ጥምቀት ሊደርስ ነው አይደል?» አሉኝ። እሳቸው ይህን አጥተውት አይደለም። ገባኝ። ወዲያው ወደ አንበሳሜም ወደ ሐሙሲትም ወደ ባሕር ዳርም ላክን። የሽንብርማ ሰው ሁሉ ለከተራ ቤቱ ይግባ፣ ታቦቱን አጅቦ ይውረድ፣ አጅቦ ይመለስ አልን። ሰው የለም የሚል ካለ መጥቶ ይየን።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ታቦታችን በዋንዛው መንገድ ወርዶ ጣና ዳር ያድራል፤ በማግሥቱ በቋጥኙ መንገድ ይወጣል። በሄደበት አይመለስም። የዋንዛው መንደር ሲወርድ ይሳለመዋል፣ የቋጥኙ መንደር ሲወጣ ይሳለመዋል፤ ማንም ሳይሳለም አይቀርም። በዚህ በኩልም በዚያ በኩልም ሰው አለ ማለት ነው።

ስለ አዘዘ የጠየቅኸኝን ሆዴ ይፍጀው ብዬ ነበር። ከመስቀል ወዲህ ቋጥኙ ላይ ነው፣ ጫካ ከገቡት ጋር። ልጄ በአያቱ እርከን ድንጋይ በተካበ ምሽግ ውስጥ ተቀምጧል። ተኩስ ሲጀመር ከወዲያ የሚመጣውም ከወዲህ የሚሄደውም እኔ ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው። ሂድ አላልሁትም፤ አልረገምሁትምም።

አሁን ሰላምታህን ውሰድ። ጊዮርጊስ ይጠብቅህ።

አክስትህ ውዴ


ናይሮቢ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ቢቆጡኝ ይገባኛል። በረከትዎን ግን አይንሱኝ።

መቅደላዊት ይህን በሰው እጅ ዛሬውኑ እንድታደርስልዎ ለምኛታለሁ። የቋጥኙ መንገድ ፈንጂ ተቀብሮበታል። ካርታ ዘርግተው ሲከራከሩ ሰማሁ፤ ወታደሩ በዚያ በኩል እንዳይወጣ ጫካ ያሉት ናቸው የቀበሩት። ታቦቱ በዋንዛው ወርዶ በዋንዛው ይመለስ። ለዚያ ሁለቱም እንዳይተኩሱ ቃል ገብተዋል። አንድ ዓመት ልማዱ ቢቀር ጊዮርጊስ አይቆጣም።

የአዘዘን ነገር ስላላወቅሁ እንጂ ባውቅ ኖሮ ያን ጥያቄ ባልጠየቅሁዎ። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምንዎ፣ በቋጥኙ አይውጡ።

ጥዑመ ልሳን


ጣና ዳር፣ ከታቦቱ ድንኳን፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥዑመ ልሳን፤

ቁጣዬም አልበረደም፣ ፍቅሬም አልጎደለም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ተቀበል።

ደብዳቤህ በከተራ ዋዜማ ደረሰኝ። ስለ ፈንጂው አውቅ ነበር። ማን እንደቀበረውም አውቃለሁ። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች አዘዘን መንገዱ ላይ ተንበርክኮ ሲቆፍር አይተውታል። ታቦት በሚወጣበት መንገድ፣ እኔ አዝዬው ስንት ጊዜ በወጣሁበት መንገድ።

በከተራ ሰዉ መጣልህ። የተሰደደው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ከበሮውን ተሸክሞ መጣ። በዋንዛው ስንወርድ ወታደሮቹ ምሽጋቸው ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ አንዳንዱም ወርዶ ተሳለመ። አድረን ተጠመቅን። መመለሻው ሲደርስ የወታደሮቹ ሻለቃ መጣና፣ «በመጣችሁበት ተመለሱ» አለ። ከቋጥኙም ሰው ወርዶ ያንኑ አለ። አየህ፣ እንደገና ተስማሙ።

አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ታቦቱን ወደ ተሸከሙት ቄስ ዞሩና «ወደ ድንኳኑ ይግቡ» አሉ። ከዚያ ለሁለቱም፣ «ዛሬ በዋንዛው ብንመለስ በቋጥኙ በኩል ሰው የለም ብለን ፈረምን ማለት ነው። መንገዱ እስኪጸዳ ታቦቱ እዚህ ይቆያል፤ እኛም እዚሁ ነን» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሻለቃው ብዙ ተናገረ። አለቃ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ይኸው እዚሁ ነን። ታቦት ከመንበሩ ወጥቶ እንዲህ ሲሰነብት በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ወሬውን የሰማ ሁሉ ከእንፍራንዝ ሳይቀር እየመጣ ነው። መነኮሳቱ ከደሴቶቹ በታንኳ የገዳሙን ዳቦ፣ ዳቤ፣ ጭነው መጡ። መቅደላዊትም ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር መጥታ አጠገቤ አሸዋ ላይ ተኝታለች፤ ይህን ደብዳቤ ራሷ ይዛው ትሄዳለች። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሽሮውም አልቋል። ወደ ቤቴ ልሂድ ያለ ሰው ግን አላየሁም።

ከዚህ ሆኜ የቋጥኙ ምሽግ ይታየኛል። አዘዘም ነጠላዬን ሳያየው አይቀርም።

አክስትህ ውዴ


ናይሮቢ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ውዴ፤

አሸዋ ላይ ለሚያድር ጎንዎ እግዚአብሔር ሙቀቱን ይስጥ። ይህን የምጽፍልዎ ሥራ ፈትቼ ነው።

ዛሬ የሽንብርማ ነገር እንደገና ተነሣ። አደራዳሪው፣ «ሐይቁ ዳር ብዙ ሕዝብ ተሰብስቧል ይባላል፤ የየት ሕዝብ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወገን፣ «ለበዓል ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሽንብርማ ላይ የሚኖር ሰው የለም» አለ። ሌላውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። ዝም አልሁ። «አልተሰማህም?» አሉኝ። «ተሰምቶኛል» አልሁ። ሰውየው ረገጥ አድርጎ ደገመልኝ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተናገርሁ። «ይህን ቃል አልተረጉምም። አክስቴ እዚያ ትኖራለች፣ እኔም እዚያ ነው ያደግሁት» አልሁ። ከዚያ መታወቂያህን አስረክብ ተባልሁ። አስረከብሁ።

ከእንግዲህ ገንዘብ አልልክልዎትም፤ የመመለሻ ትኬቴን እንኳ የምትቆርጥልኝ መቅደላዊት ናት። በእኔ ቦታ ሌላ አስተርጓሚ ይቀመጣል፣ ያው ዓረፍተ ነገርም ይጠብቀዋል። ቢሆንም እኔ በአፌ አልደገምሁትም።

አዘዘን ሲያገኙት አይጨክኑበት።

ልጅዎ ጥዑመ ልሳን


ሽንብርማ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥዑመ ልሳን፤

እሰይ የኔ ልጅ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረ አፍህን ጊዮርጊስ ይባርከው። ሥራህን በማጣትህ አላዝንልህም፤ አንበሳሜ ገበያ ሽንኩርት ብትሸጥም ከዚያ ይሻላል።

መቅደላዊት እንደሰማችው ያን ዓረፍተ ነገር ሰርዘውታል፤ አሁን በሌላ ዓረፍተ ነገር ይጣላሉ አሉ። ይጣሉ። ታቦቱ ገብቷል። እንዴት እንደገባ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው እኔው ልንገርህ።

ሰዉ በየቀኑ እየጨመረ ሲመጣ ሁለቱም ተጨነቁ። በመጨረሻ ከቋጥኙ፣ «እናወጣዋለን» ብለው ላኩ። የቀበረው ያውጣው ተባለና አዘዘ መቆፈሪያውን ይዞ ወረደ። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ሲቆፍር ዋለ። ወታደሮቹ ከማዶ በመነጽር ያዩት ነበር፤ አልተኮሱም። ሲጨርስ አለቃ ፊት ቆመና፣ «ወጥቷል፣ ይለፉ» አለ። እኔን አላየኝም። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የተናገረው። ልጄን አውቀዋለሁ። ወተቱን ጠጥቶ «ድመቷ ናት» ሲለኝም እንዲህ ነበር የሚቆመው።

«እኔ ልቅደም» አልሁ።

አለቃ፣ «ወይዘሮ ውዴ፣ ተዪ» አሉኝ። «ወጥቷል ካለ ምን ያስፈራል?» አልሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁበት። መሐሉን ትቼ የመንገዱን ጥግ ይዤ ሄድሁ። ያን ሁሉ ሕዝብ መሐሉ ብቻ አይችለውም፤ ልጅ ያዘለችው፣ ሽማግሌው፣ ዓይነ ስውሩ፣ ሁሉም የሚገፋው ወደ ጥጉ ነው። አዘዘ በመሐል በመሐል ይከተለኛል። ትንፋሹ ይሰማኛል። መታጠፊያው ጋ ስደርስ፣ «እማ፣ መሐሉን ያዢ» አለኝ። «ለምን?» አልሁት። ተራመድሁ። «እማ፣ ቁሚ» ብሎ ጮኸ። አልቆምሁም። ሮጦ መጥቶ እግሬን ጥምጥም አድርጎ ያዘኝ።

«ጥጉ ላይ ያሉትን ተዋቸው ተብዬ ነው» አለኝ፣ ፊቱን ቀሚሴ ላይ ደፍቶ። «ሰዉ በመሐል ያልፋል፤ ከሰዉ በኋላ ወታደር እንዳይወጣ ነው።»

«ወጥቷል ብለህ ለታቦት ዋሸህ» አልሁት። «በል አውጣ።»

ከላይ አዛዡ በስሙ ይጣራል። አዘዘ ቀና ብሎ አላየውም። እዚያው ከራሱ በላይ ቆሜ አንድ በአንድ አስወጣሁት። እጁ ሲቸኩል «ቀስ» እለዋለሁ እንጂ «ልጄ» አላልሁትም። መንገዱ ላይ የቀረ የለም ሲል አሁን ዐይኔን እያየ ነው ያለው። ያን ጊዜ ለአለቃ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፣ ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱ ወጣ። የቋጥኙ መንደር ሴቶች ደጃቸው ላይ ተንበርክከው ጠበቁት። አዘዘ መቆፈሪያውን ጥሎ ከሰዉ ጋር ገባ።

አሁን በቅጽሩ ውስጥ ነው ያለው። የቋጥኙ ምሽግ ሰዎች «ከዳን» ብለው ይፈልጉታል፣ ወታደሮቹ «ስጡን» ይላሉ። አለቃ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስወጥተው ተቀምጠው፣ «ጊዮርጊስ ቤት የገባ ሰው ተላልፎ አይሰጥም» እያሉ ሁለቱንም ይመልሳሉ። ምሽጎቹ እንዳሉ ናቸው። ዛሬም ነገም ሊተኩሱ ይችላሉ። ሰዉ ግን ከበዓሉ በኋላ ወደ አንበሳሜ አልተመለሰም፤ ሲና የነደደ አውድማዋን በእበት ለቅልቃዋለች።

ትናንት ምሳውን ወስጄለት ከበላ በኋላ፣ «እማ፣ እንደምጮህ በምን አወቅሽ?» አለኝ።

አላወቅሁም አልሁት።

አክስትህ ውዴ